አተላ የሌለው ጋን

ጋኑ ደጃፌ ላይ ተደፍቶ አሥራ አራት ቀን ቆየ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ አልፈዋለሁ፤ ማምሻውን ስመለስም አልፈዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታጠነበት የወይራ ጭስ ሽታ እስከ አልጋዬ ይደርስ ነበር። በሳምንቱ ሳሳ። በመጨረሻ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አፍንጫዬን ካላስጠጋሁ በቀር ምንም የማይሸት ተራ ሸክላ ሆነ። ያኔም ቢሆን «ነገ እጀምራለሁ» አልኩ።

የጋኑ ባለቤት አከራዬ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጉልበታቸውን ክፉኛ የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ እኔ እማማ እላቸዋለሁ። የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሮብ ገበያ ከተማ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ የተከራየሁት ክፍል ከእሳቸው ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራል። ሲያስሉ እሰማለሁ። ሲጸልዩም እሰማለሁ። እሳቸው ደግሞ የእስክሪብቶዬን ክዳን ስከፍትና ስዘጋ ይሰሙ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ።

ሥራዬን እንዴት እሠራ እንደነበር ማስረዳት አለብኝ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ግድግዳዬ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፌ ወሩን በሙሉ በሠንጠረዥ ከፋፍዬው ነበር። ሰማያዊ ለመደበኛ ክፍለ ጊዜ፣ ቀይ ለፈተናና ለእርማት፣ ብርቱካናማ ለማጠናከሪያ ትምህርት፣ አረንጓዴ ለሌላው ሁሉ። አረንጓዴው ጥቂት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ እርማት። ማንም አላዘዘኝም። ርዕሰ መምህሩ እንዲያውም አንድ ቀን «አንቺ ልጅ፣ እኛን ሰነፍ አስመሰልሽን እኮ!» ብሎ ቀልዷል። ግን በእያንዳንዱ ተማሪ ወረቀት ግርጌ የተሳሳተበትን ምክንያት በሦስት መስመር ካልጻፍኩ ያስተማርኩ አይመስለኝም ነበር። ቁጭ ብዬ ዝም ካልኩ አንድ ሰው መጥቶ እጅ ከፍንጅ የሚይዘኝ ይመስለኛል።

እማማ ይህን እያዩ ነው ወደ ማኅበራቸው ያስገቡኝ። «ልጄ፣ እንዲህ ብቻሽን ከወረቀት ጋር እየተነጋገርሽ አይሆንም» አሉኝ። ወር በገባ በሃያ አንድ የሚሰበሰብ የሴቶች የማርያም ማኅበር አላቸው። በየወሩ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቄሱ ጸልየው ዳቦውን ይባርካሉ፣ ጠላ ይጠጣል፣ ጨዋታ ይመጣል፣ ሲያበቃ ጽዋው ወደ ቀጣይዋ ተረኛ ይሻገራል። ጽዋውን የተቀበለች ሴት በወሩ ደግሳ ማኅበሩን ቤቷ ትቀበላለች። ቃል መግባት ነው፤ ቃሉም የሚገባው ለሴቶቹ ብቻ ሳይሆን ለእመቤታችን ነው።

ሁሉም ግን በደስታ አልተቀበሉኝም። ከአባላቱ አንዷ ከከተማው ዳር የምትኖር፣ የምትታለብ ላም ያላት፣ አርባዎቹን ያገባደደች፣ ምላሷ ስል የሆነች ሴት ናት። ባለላሟ ልበላት። በገባሁበት ቀን ፊት ለፊቴ እንዲህ አለች፦

«ቲቸርን ጠልቼ አይደለም። ግን የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ አለ ሲሉት ነገ ተዛወረ ነው። ጽዋውን ይዛ ብትቀርስ? ማን ይደግስላታል?»

«እኔ» አሉ እማማ።

«እርስዎ ምኗ ሆነው?»

«ዋሷ። ልጄ ናት። ተራዋ ደርሶ ካጎደለች እኔ አጎደልኩ በይ።»

ባለላሟ ሴቶቹን ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። «እንግዲህ ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለች።

እኔም ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን ከረጢቴ ውስጥ ያለውን ያልታረመ ፈተና እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየወሩ እሄድ ነበር፤ መሄድ ከተባለ። ዘግይቼ እደርሳለሁ፣ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ወረቀቱን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈን አድርጌ ጉልበቴ ላይ አርማለሁ። «ቲቸር፣ ለዚህ ጠላ ከአሥር ስንት ትሰጪዋለሽ?» ይሉኛል። እስቃለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ ከሁሉም ቀድሜ እወጣለሁ። እማማ አንድም ቀን «ቆዪ» አላሉኝም። ከመቀመጫቸው ሆነው በዓይናቸው እስከ በሩ ይሸኙኛል።

ጽዋው እኔ ጋ የደረሰው ታኅሣሥ ሃያ አንድ ነው። በነጠላዬ ሸፍኜ ስቀበለው ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጧፍ አብርተው እስከ በሬ ሸኙኝ። መደርደሪያዬ ላይ፣ ከመልስ መስጫ ወረቀቶቹ በላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ አረንጓዴውን እስክሪብቶ አንስቼ በሚቀጥለው ወር ሃያ አንድ ላይ «ማኅበር፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሰዓት። ጉዳዩ በዚህ የተጠናቀቀ መሰለኝ።

ጠላ ጠምቃችሁ ለማታውቁ ላስረዳ፤ ያኔ እኔም በወሬ እንጂ በእጄ አላውቀውም ነበር። መጀመሪያ የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ይጠነሰሳል፤ ይቀመጣል። ከዚያ ብቅልና ቂጣ ይገባበታል፤ ይቀመጣል። ከዚያ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ፣ አሻሮ የምንለው ማለት ነው፣ ይጨመርና ይደፈደፋል፤ እንደገና ይቀመጣል። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶበት አፉ ይከደናል፤ አሁንም ይቀመጣል። እንደ ሮብ ገበያ ባለ፣ ብርዱ ከጮቄ ተራራ በሚወርድበት አገር፣ በጥር ወር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሰው እጁን አስገብቶ የሚሠራበት ሰዓት ቢደመር አንድ ቀን አይሞላም። የቀረው መጠበቅ ነው። በእኔ ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ ለመጠበቅ የተመደበ ቀለም አልነበረም።

ጥር ስድስት ቀን እማማ ወደ ጉንደ ወይን ሄዱ፤ እዚያ ያለችው ልጃቸው ወልዳ አራሷን ሊጠብቁ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ጋናቸውን አጥበው፣ በወይራ አጥነው በሬ ላይ ደፉልኝ። የተወቀጠ ጌሾ በጨርቅ ቋጥረው፣ ብቅሉን በከረጢት አድርገው እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔ ጠንስሼልሽ ልሂድ እንዴ?»

«ኧረ እማማ! እኔ ራሴ እሠራዋለሁ። መንገደኛ ነዎት፣ አይድከሙ።»

«ዛሬ ነው ታዲያ። ጌሾ ቀን ይፈልጋል።»

«ዛሬ» አልኩ።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና የሚዘጋጅበት ሳምንት ነበር። ሌሎች አስተማሪዎች አንድ ፈተና ያዘጋጃሉ፤ እኔ ተማሪዎች እንዳይኮራረጁ ብዬ አራት ዓይነት አዘጋጀሁ። ለአራቱም የመልስ ቁልፍ፣ ለእያንዳንዱ መልስ ደግሞ ማብራሪያ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን እማማ ሲደውሉ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ወትፌ ጥያቄ እየቆጠርኩ ነበር።

«ጌሾው ተጠነሰሰ?»

«አዎ እማማ።»

«ሽታው መጣ?»

«መጥቷል።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!»

አስቤበት አልዋሸሁም። ይህን የምለው ለማምለጥ አይደለም፤ እንዲያውም አስቤበት ብዋሽ የሚሻል ይመስለኛል፤ ቢያንስ ስለ እሳቸው አስቤ ነበር ማለት ነው። ያን ሰዓት «አዎ» ስልኩን ለመዝጋት የሚያበቃ አጭሩ ቃል ስለሆነ ብቻ ከአፌ ወጣ። ከዘጋሁ በኋላ ለራሴ «ዛሬ እጀምረዋለሁ፣ እውነት አደርገዋለሁ» አልኩ። ከዚያ ወደ ቆጠራዬ ተመለስኩ፤ የት ላይ እንደነበርኩ ጠፍቶኝ በንዴት ከአንድ ጀመርኩ።

ከጥምቀት በኋላ ደግመው ደወሉ። «ተደፈደፈ?» «ተደፍድፏል።» በዚያኛው በኩል ስልኩን ሳይዘጉ አጠገባቸው ላለ ሰው ሲናገሩ ሰማኋቸው። «የማርቆስ ልጅ ናት እኮ! እናቷ ቤት እሳት ነክታ አታውቅም። ይኸው ለብቻዋ ጠመቀችው!» ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ኩራት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ረሳሁት ብዬ ብናገር ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። ጋኑ በሬ ላይ ነበር።

ጥር ሃያ፣ በዋዜማው፣ ከገበያው ጀርባ ጠላ ከምትሸጥ ሴት ቤት ሁለት ቢጫ ጀሪካን አስሞልቼ በባጃጅ ጫንኩ። ባጃጁን የሚነዳው ልጅ በመስታወቱ አየኝ።

«ቲቸር፣ ሠርግ አለ እንዴ?»

«ማኅበር ነው።»

«ማኅበር በጀሪካን?» አለና ራሱን ነቀነቀ።

ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። ጋኑን አቃንቼ ወደ ክፍሌ አስገባሁና ገለበጥኩበት። ጌሾውን ከነቋጠሮው፣ ብቅሉን ከነከረጢቱ አልጋዬ ሥር ገፋሁት። ዳቦውን እናቴ ደብረ ማርቆስ ጋግራ በሚኒባስ ልካልኛለች። ሁሉንም ካሰናዳሁ በኋላ፣ እውነቱን ልናገርና፣ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ነገር ሰርዣለሁ። ቁጭ ብዬ የስምንተኛ «ሐ» ክፍልን ማረም ጀመርኩ።

እማማ ማምሻውን ከጉንደ ወይን ገቡ። ከሚኒባስ ወርደው ቤታቸውን እንኳ ሳይከፍቱ ወደ እኔ መጡ፤ እጃቸውን ጋኑ ሆድ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ።

በማግስቱ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። ቄሱ ጸልየው፣ ዳቦውን ቆርሰው፣ ትንሽ ቀምሰው ሄዱ። ጠላውን የቀዱት እማማ ናቸው። ጉልበትዎን ያምዎታል ብለን ብንለምናቸው «የልጄን ጠላ እኔ ካልቀዳሁ ማን ሊቀዳው ነው?» አሉ። ባለላሟ የመጀመሪያውን ጉንጭ ወሰደች፣ አፏ ውስጥ ያዘችው፣ ዋጠችው።

«ይሄን እጅ የማውቀው ይመስለኛል» አለች።

«ከእኔ ነዋ የተማረችው!» አሉ እማማ፣ እየሳቁ።

ወደ መጨረሻ ላይ ጠላው ሲጎድል ጋኑን አዘነበሉት። ጣሳውን ሰደዱ። ከዚያ ቀጥ አሉ። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ፤ ብዙ ቆዩ።

ቤት የተጠመቀ ጠላ ሲያልቅ ጋኑ ሥር አተላ ይቀራል፤ የጌሾውና የእህሉ ወፍራም ዝቃጭ ማለት ነው። ከላይ ተቀድቶ፣ ተጣርቶ በጀሪካን የመጣ ጠላ ግን አተላ የለውም። የእኔ ጋን ታጥቦ የተቀመጠ ይመስል ነበር። እማማ ቀና አሉ። በጣሳው የቀረውን ለአንዷ ቀዱላት። ጽዋው ለቀጣይዋ ተረኛ እስኪሻገርና ሁሉም እስኪወጣ ድረስ ወደ እኔ ዞር ብለው አላዩኝም።

ልጠቅሰው ሲገባኝ የዘለልኩት አንድ ነገር አለ። በዚህ ማኅበር ደንብ አተላው የባለላሟ ነው። ደጋሿ ማንም ትሁን፣ በማግስቱ ባልዲ ይዛ መጥታ ለላሟ ትወስዳለች። ይህን በየወሩ ሲያወሩት ሰምቻለሁ፤ ወረቀት እያረምኩ ስለሰማሁት ግን አልሰማሁትም። በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊ ባልዲ አንጠልጥላ ግቢው መሐል ቆመች።

«ቲቸር! አተላዬን!»

በሩን ከፍቼ ቆምኩ። እማማ ከቤታቸው ብቅ አሉ።

«የለም» አሉ። «ትናንት ሁላችሁም ስትወጡ የጎረቤት አህያ ገብታ ጨረሰችው።»

«የማን አህያ?»

«ጀርባዋን ነው ያየሁት።»

«አይ እማማ! ያን ሁሉ አተላ? እንዲያ ከሆነማ ሰክራ ስትዘፍን ባደረች!»

«እንግዲህ ምን ልበልሽ» አሉ እማማ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ባለላሟ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ ባዶ ባልዲዋን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረች። «ላሜ ዛሬ ትጾማለች ማለት ነው» አለችና ሄደች። እማማ በራቸውን ዘጉ። ተከትዬ አንኳኳሁ፤ «ኋላ፣ ቲቸር» አሉኝ ከውስጥ።

ቲቸር። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቲቸር ሆንኩ። አልተቆጡኝም። «ቲቸር፣ ውኃ መጥቷል» ይሉኛል፣ «ቲቸር፣ በሩን ዝጊው» ይሉኛል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ተዘጋጀሁ፤ በእርግጥ ተዘጋጀሁ፣ የምናገረውን በደብተሬ ጀርባ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ሁልጊዜ ግን የውጤት ማስገቢያ ቀን ነበር፣ ወይም ስብሰባ ነበር፣ ወይም እኔ ነኝ ሰበብ ያገኘሁት።

በጥር መጨረሻ ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎ በሚያነጋበት ሰሞን፣ ንጋት ላይ ከግድግዳው ማዶ አዲስ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ዱብ። ትንሽ ዝምታ። መቃተት። ደግሞ ዱብ። ማልጄ ተነስቼ የማርምበት ሰዓት ስለሆነ ድምፁ ሐሳቤን ይበትነው ነበር። እማማ እየሰገዱ እንደሆነ ገባኝ። ሁለት ቀን ታገስኩ። በሦስተኛው ቀን ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ወተፍኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ከሠራሁት ሁሉ ለመጻፍ የከበደኝ ይህ ነው።

አንድ ጠዋት የስልኬ ባትሪ አልቆ ማዳመጫው ዝም አለ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። አርባ አንድ። በማግስቱም አርባ አንድ። ቀን ላይ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ሲራመዱ አየኋቸው።

«እማማ፣ ጉልበትዎን እንዲህ እያመመዎት ለምን ይሰግዳሉ?»

«ቀኖና ነው።»

«የምን ቀኖና?»

«የአህያዋ» አሉ።

ለነፍስ አባታቸው ነግረዋቸዋል። ያውም በእመቤታችን በዓል ማግስት፣ በእመቤታችን ጽዋ ላይ፣ ዋሽቻለሁ ብለው ተናዝዘዋል። ቅዳሜና እሑድ ሲቀር ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ታዝዞባቸዋል። ቄሱ ዕድሜያቸውን አይተው ሊቀንሱላቸው ቢፈልጉም እንቢ ያሉት እሳቸው ናቸው። እግራቸው ሥር ተደፋሁ። «እኔ ልስገድልዎ፣ የቀረውን እኔ ልስገድልዎ» አልኳቸው።

«ተነሽ» አሉኝ። «ያንቺን አንቺ ትሰግጃለሽ። ይሄ የእኔ ነው።»

አምስት ንጋት ቀርቷቸው ነበር። በእነዚያ አምስት ንጋቶች እስክሪብቶ አላነሳሁም። ሻማም መብራትም ሳላበራ አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ግድግዳውን ፊት ለፊት እያየሁ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ዱብ ሲል ተነስተው እስኪቆሙ እጠብቃለሁ። አንዳንዱ መነሳት ረጅም ነበር። ሃያ ስምንተኛው ላይ አንድ ቀን በጣም ዘገዩ፤ ልሮጥ በሩ ጋ ደረስኩ፤ ከዚያ ሃያ ዘጠነኛው መጣ። አስተማሪ ከሆንኩ ጀምሮ ምንም ሳልሠራ፣ ሌላ ነገር ሳላስብ፣ አንድን ነገር እስከ መጨረሻው የጠበቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሰው ዕረፍትን በሌላ መንገድ ይማራል፤ እኔ እንዲህ ተማርኩት።

የካቲት ሃያ አንድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ወረቀት ሳልይዝ ሄድኩ። ጾም ስለገባ ገበታው ላይ ንፍሮና ሽሮ ነው። ቄሱ ከሄዱ በኋላ ቆምኩ።

«አንድ ነገር ልናገር።»

«ደግሞ እዚህም ልታስተምሪን ነው?» አለች ባለላሟ። ሳቁ።

የጻፍኩትን ቅደም ተከተል ረሳሁት። «ጠላውን ገዝቼው ነው። አልጠመቅሁም። አህያም አልገባችም። እማማ የዋሹት ለእኔ ነው፤ እሳቸውን የዋሸኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ» አልኩ።

ባለላሟ ጣሳዋን አስቀመጠች።

«ይሄን ልትነግሪን ነው የተንቀጠቀጥሽው? እኔ በመጀመሪያው ጉንጭ አውቄዋለሁ። ከገበያው ጀርባ ያለችው ሴትዮ ጌሾ ታበዛለች።»

«እኔስ ባጃጁን አይቼው የለ!» አለች ሌላዋ። «ጀሪካኑ ከጎኗ እንደ ሚዜ ተቀምጦ!»

«ለካ አህያዋ አንቺ ነሽ!» አለች ባለላሟ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። እማማ ግን አልሳቁም። ያኔ ነው የገባኝ፦ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ እማማ ስለ አህያዋ ሲናገሩም መዋሸታቸውን ያውቁ ነበር። አንድ ወር ሙሉ እማማ በእነዚህ ሴቶች ፊት የተራመዱት መታወቁን እያወቁ ነው።

ባለላሟ ሳቋን ጨርሳ ኮስተር አለች። «ይሁን። ደግማ ትደግስና ይለቅ። ግን አሁን ዋሷ ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ እማማ ሄደ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ዋስ አልሆንም» አሉ። «አንድ ጊዜ ሆኜ አይቻለሁ። ጋኑን ግን አበድራታለሁ።»

የመጋቢቷ ተረኛ ተራዋን ለቀቀችልኝ። ጋኑን በእማማ ወይራ ራሴ አጠንኩት። አልጋዬ ሥር የነበረውን የጌሾ ቋጠሮ አውጥቼ በዚያው ቀን ጠነሰስኩ። ከዚያ የሚቀረው መጠበቅ ነበር፤ እሱ ከመውቀጥ ይከብዳል። የተማሪዎቹን ወረቀት ትምህርት ቤት መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ መምጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ምሽት እጄ እስክሪብቶ ሲፈልግ ያዝኩት። የአስተማሪዎቹ ቡድን መልእክት ስልኬ ላይ ሲጮህ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። በሠንጠረዡ ቅዳሜ ላይ ወረቀት ለጥፌ ሸፈንኩት። ከሦስት መስመር ማብራሪያ ወደ አንድ መስመር ስወርድ ተማሪዎቼ የሚጎዱ መስሎኝ ነበር፤ አንድ ተማሪ ብቻ ቀርቦ «ቲቸር፣ አሞዎት ነበር?» አለኝ። ሌሎቹ እንደ ወትሮው ውጤቱን አይተው ወረቀቱን አጠፉት።

እማማ በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ። አያስተምሩኝም። ጆሯቸውን ወደ ጋኑ ያስጠጋሉ፤ ውስጡ እንደ ዝናብ ጅማሬ ቸስ ቸስ ይላል። «ተይው፣ አትነካኪው» ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አገኙኝ።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም።»

እየተደገፉ አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለታችንም ከጮቄ በኩል የሚመጣውን ደመና አየን። ሲቀመጡ ጉልበታቸው እንደ ደረቅ እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። የጉልበቱ ድምፅ የእኔ ሥራ ነው። ይህን ብላቸውም ባልላቸውም፣ የሰሙኝ ይመስለኛል።

መጋቢት ሃያ አንድ ጠላው ወፍራም፣ ትንሽ መራራ ነበር። «ጌሾው አንድ ቀን አልፎበታል» አለች ባለላሟ፣ ሦስተኛ ጣሳዋን እያስቀዳች። በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊ ባልዲዋን ይዛ መጣች። እጄን እስከ ክርኔ ጋኑ ውስጥ ከትቼ አተላውን እየዛቅሁ ሞላሁላት። ሞልቶ ፈሰሰ።

«በቃሽ፣ አህያዋም የድርሻዋን ታግኝ!» አለችኝ። ባልዲውን አንስታ በአንድ ጎኗ ዘንበል ብላ ስትወጣ እማማ ከደጃፋቸው ሆነው እያዩ ነበር። ባለላሟ ስታልፍ ባልዲውን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋኑን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። አድርቄ፣ አቅፌ ወደ በራቸው ወሰድኩት። ፊታቸውን አፉ ውስጥ አስገብተው አሸተቱ።

«እዚያው በርሽ ላይ ድፊው» አሉኝ። «ኋላ ታጥኚዋለሽ።» ከዚያ ወደ ውስጥ ሲገቡ ዞር ሳይሉ፣ «በሩን ሳብ አድርጊው፣ ቲቸር» አሉ።

በሩን ሳብ አደረግሁት። ጋኑን መልሼ በሬ ላይ ደፋሁት።